ገዢው ለሎንዶን ያብራራው አዋጅ፦ የካርዲውን ደብዳቤዎች እንዴት እናንብባቸው?

ጥያቄው፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ በ1898 ሴራሊዮን ውስጥ ስለተነሣው የጎጆ ግብር ጦርነት እየጻፍኩ ነው። አገረ ገዢው ፍሬድሪክ ካርዲው አዲሱን አዋጅ ለሎንዶን ያብራራባቸውን ደብዳቤዎች አገኘሁ። ሳነባቸው ያሳምኑኛል። አማካሪዬ ግን "ገዢው ያለውን እንዳለ እንዳትቀበይ" ይለኛል። ሰውዬው ለገዛ መንግሥቱ ለምን ይዋሻል? ደግሞስ አዋጁን ያወጣው ራሱ ከሆነ ማስረዳት ለምን አስፈለገው?»

እህቴ፣ አማካሪሽ ልክ ነው። አንቺም ግን አልተሳሳትሽም። ደብዳቤዎቹ ያሳመኑሽ እንዲያሳምኑ ተደርገው ስለተጻፉ ነው። ካርዲው በአብዛኛው አይዋሽም። ሎንዶን የምትጠይቀውን አሳምሮ ያውቃል፤ የሚመልሰው ለዚያ ነው። ያልተጠየቀውን አያነሣም። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ሲጽፍ የሚያደርገውን አስቢ። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ የሚጮኸው ግን ሪፖርቱ ውስጥ የለም።

(ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ከሰነዶቹ ጋር ስታመሳክሪ እንዳይምታታብሽ።)

ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እሱ ካልተፈታ የመጀመሪያው አይገባም።

በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት አዋጅ የሚያወጣው ገዢው ከሕግ አውጪ ምክር ቤቱ ጋር ሆኖ ነው። በሴራሊዮን ዋና ከተማ በፍሪታውን ከምክር ቤቱ አባላት የሚበዙት የመንግሥት ሹማምንት ነበሩ። ስለዚህ ገዢው የፈለገው ያልፋል። ከመንግሥት ውጭ የሆኑ ጥቂት አባላትም ነበሩ። አንዱ ጠበቃው ሳሙኤል ሉዊስ ነው፤ በ1896 የ«ሰር» ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ። እነዚህ ሰዎች ይናገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ድምፅ ሲሰጥ ይሸነፋሉ። አዋጁ በቀጥታ የሚነካቸው የመሐል አገር ሰዎች ግን አንድም ወንበር አልነበራቸውም። የነሱ ባላባቶች እዚያ ምክር ቤት የገቡት በ1924 ነው።

ይሁንና ምክር ቤቱ አዋጁን ካሳለፈው በኋላም ነገሩ አላለቀም። ዘውዱ፣ ማለትም በተግባር የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ፣ አዋጁን ሊሽረው ይችላል። በዚህ ምክንያት አዋጆች ከዐቃቤ ሕጉ አስተያየትና ከገዢው ማብራሪያ ጋር ወደ ሎንዶን ይላካሉ። ይህ ሥልጣን ለወጉ ብቻ የተቀመጠ አልነበረም። ጄምስ ስቲቨን የሚባለው የሕግ ሰው ከ1813 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ከየቅኝ ግዛቱ የሚመጣውን ሕግ እያነበበ አስተያየት ሲጽፍ ኖሯል። በኋላም የመሥሪያ ቤቱ ቋሚ ኃላፊ ሆኗል። ባርነትን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ስለነበር የካሪቢያን የእርሻ ባለቤቶች የሚያወጧቸውን ሕጎች ለቀም አድርጎ ነው የሚያነበው። ገዢዎች ማብራሪያ መጻፍን የተማሩት እንዲህ ዓይነት አንባቢ ወዲያ ማዶ እንደተቀመጠ እያወቁ ነው።

በሴራሊዮን ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረ። ቅኝ ግዛት የሚባለው ፍሪታውንና አካባቢዋ ብቻ ነው። መሐል አገሩ በሕግ የውጭ አገር ነው። እዚያ ያሉት የቴምኔና የሜንዴ ባላባቶች ከእንግሊዝ ጋር የወዳጅነት ውል የተዋዋሉ እንጂ ተገዥ የሆኑ አልነበሩም። በ1895 ንግሥቲቱ በአማካሪዎቿ ምክር ቤት በኩል ባወጣችው ትእዛዝ የፍሪታውን ምክር ቤት ለመሐል አገሩም ሕግ እንዲያወጣ ተፈቀደለት። ነሐሴ 31 ቀን 1896 አገሩ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር መሆኑ ታወጀ። ከዚያ የፕሮቴክቶሬቱ፣ ማለትም በሞግዚትነት የተያዘው አገር፣ አዋጅ መጣ። አስቢው እስቲ፦ የወዳጅነት ውል የፈረመ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ ተገዥ ሆኖ ያገኘዋል። ይህን ለሎንዶን ማስረዳት ነበረበት፤ ካርዲውም በደንብ አስረዳ።

አዋጁ ምን ይላል? አገሩን በአምስት አውራጃ ከፈለው፦ ካሬኔ፣ ሮኒየታ፣ ባንዳጁማ፣ ፓንጉማና ኮይናዱጉ። በየአውራጃው እንግሊዛዊ ኮሚሽነር ተሾመ። የባላባቶቹ ችሎት ከባድ ወንጀሎችን እንዳይዳኝ ተደረገ። የባሪያ ንግድ ተከለከለ። የመጀመሪያው ረቂቅ በማዕድንና ባዶ በተባለ መሬት ላይም ለመንግሥት ሥልጣን ይሰጥ ነበር። ከሁሉም በላይ የጎጆ ግብር ተጣለ፦ አራት ክፍልና ከዚያ በላይ ላለው ቤት በዓመት 10 ሺሊንግ፣ ከዚያ ላነሰው 5 ሺሊንግ። ጥሬ ገንዘብ የሌለው በሩዝ ወይም በዘንባባ ፍሬ መክፈል ይችላል። ሰብሳቢዎቹ ባላባቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ትንሽ ድርሻ ይታሰብላቸዋል።

ካርዲው ይህን ሐሳብ ከየት አመጣው? ወታደር ነው፤ በዙሉ አገር አገልግሏል። ጎረቤቷ ናታል ውስጥ የጎጆ ግብር ከ1849 ጀምሮ ይሰበሰብ ነበር። እዚያ ከሠራ እዚህም ይሠራል ነው ነገሩ። ሰነፍ ገዢ አልነበረም፤ መሐል አገሩን በእግሩ ዞሮታል፣ አንዴም አይደለም። ይህም ማብራሪያውን ከባድ አድርጎታል። «አይቻለሁ፣ ለባላባቶቹም ነግሬያቸዋለሁ» የሚል ሰው ሎንዶን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያነበውን ጸሐፊ በቀላሉ ያሸንፈዋል። ባላባቶቹ ዝም ብለው መስማታቸው ግን መስማማት አይደለም። ከነወታደሩ የመጣን እንግዳ ፊት ለፊት «እምቢ» ማለት በየትኛውም አገር ጨዋነት አይደለም፤ ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አሁን ሎንዶን ምን እንደምትጠይቅ እንይ። አንደኛው ጥያቄ የገንዘብ ነው። ቅኝ ግዛት ራሱን ይቻል የሚለው የእንግሊዝ ግምጃ ቤት የቆየ አቋም ነው። ፍሪታውን ደግሞ በ1890 ያቋቋመችው የጠረፍ ፖሊስ ነበራት፤ ደመወዝ ይፈልጋል። በ1896 የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀምሯል፤ ብድር ይፈልጋል። አዲሶቹ ኮሚሽነሮችም ደመወዝና ቤት ይፈልጋሉ። የሚኒስትሩ ወንበር ላይ ከ1895 ጀምሮ የተቀመጠው ጆሴፍ ቻምበርሌን ነው፤ ቅኝ ግዛት መልማት አለበት የሚል ሰው። ለልማቱ ግን ግምጃ ቤቱ እንደልብ አይሰጠውም። «ገንዘቡን ከአገሩ አወጣዋለሁ» የሚል ገዢ ለእንዲህ ዓይነት ሚኒስትር የሰማይ ስጦታ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ፓርላማ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን?» የሚል ነው። ለዚህ የባሪያ ንግድ መከልከሉ መልስ ይሆናል። በእኔ አስተያየት የካርዲው ማብራሪያ ብልሃቱ ያለው እዚህ ነው። ግብሩንና የባሪያ ንግድ ክልከላውን በአንድ አዋጅ አስሮ ስለላካቸው፣ ግብሩን የተቃወመ ሁሉ ባርነትን የሚደግፍ ይመስላል። በኋላ ጦርነቱ ሲነሣ ይህችኑ ክር ነው የመዘዛት።

ያልተጠየቀው ደግሞ ይህ ነበር፦ ከፋዩ ግብሩን እንዴት ተረዳው? የቴምኔ ባላባቶች አቤቱታ ጻፉ፤ ፍሪታውን ድረስም መጥተው ደጅ ጠኑ። ክርክራቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰው ለገዛ ቤቱ በየዓመቱ የሚከፍል ከሆነ ቤቱ የሱ አይደለም፤ ተከራይ ሆኗል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የችሎት ሥልጣናችን ተወስዶ የሰው ቤት ቆጣሪና ገንዘብ ሰብሳቢ ከሆንን ባላባትነታችን ምኑ ላይ ነው? እነዚህ አቤቱታዎች አልተደበቁም። ከገዢው ደብዳቤ ጋር አባሪ ሆነው ሎንዶን ደርሰዋል። ገዢው ግን አብሮ ሽፋን ይጽፍላቸዋል፤ ሽፋኑም «ከጀርባቸው ሰው አለ» የሚል ነው። ጥፋተኞቹ የፍሪታውን ክሪዮ (ከባርነት ነፃ ወጥተው እዚያ የሰፈሩ ሰዎች ዘር) ነጋዴዎችና ጋዜጦቻቸው ናቸው ይላል። ይህን አባባል በቅኝ ግዛት ሰነድ ውስጥ ባገኘሽው ቁጥር ቆም በይ። አቤት ባዩ አሳቢ እንዳልሆነ፣ ሌላ ሰው እንዳሰበለት የሚነግርሽ ዓረፍተ ነገር ነው። አንዴ ይህ ከተባለ አቤቱታውን መመለስ አያስፈልግም።

ሎንዶን ሙሉ በሙሉ ጆሮዋን አልደፈነችም። በ1897 አዋጁ ተሻሽሎ ሲወጣ የመሬቱ አንቀጾች ቀሩ። የ10 ሺሊንጉ እርከንም ቀርቶ ግብሩ ለሁሉም 5 ሺሊንግ ሆነ፤ ትንንሽ መንደሮችም ነፃ ወጡ። ይህን በጽሑፍሽ አትዝለዪው። የማብራሪያው ሥርዓት አንዳንዴ ይሠራ እንደነበር ያሳያል። የሚሠራው ግን መጠኑን በመቀነስ ነው። «ግብሩ ራሱ ይሁን አይሁን» የሚለው ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ አልወጣም።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንቺ ከኔ በላይ አንብበሽዋልና በአጭሩ ልለፈው። መሰብሰቡ ጥር 1 ቀን 1898 በካሬኔ፣ በሮኒየታና በባንዳጁማ ተጀመረ። የካሬኔው ኮሚሽነር ካፒቴን ሻርፕ አንከፍልም ያሉትን ማሰር ጀመረ። የካሴው ባላባት ባይ ቡሬ እንዲያዝ ሲታዘዝ ጦርነቱ ፈነዳ። ባይ ቡሬ በ1892 በታምቢ ዘመቻ ከእንግሊዞች ጎን የተሰለፈ ሰው ነበር፤ አዲስ ጠላት አይደለም። በደን ውስጥ ምሽግ እየሠራ ለወራት አዋጋቸው። ሚያዝያ 27 ደግሞ ደቡቡ፣ የሜንዴ አገር፣ በአንዴ ተነሣ። እዚያ የሞተው ፖሊስ ብቻ አይደለም። ክሪዮ ነጋዴዎች ከነቤተሰባቸው፣ ሚሲዮናውያንም ተገድለዋል። «አነሣሽ» የተባሉት ክሪዮዎች ራሳቸው በአነሣሡት አመፅ መታረዳቸው የገዢውን ንድፈ ሐሳብ አላናጋውም፤ ይህ እስካሁን ይገርመኛል። ባይ ቡሬ በኅዳር 1898 ተያዘ። ከሌሎች ሁለት ባላባቶች፣ ከፓንጉማው ንያጉዋና ከሸርብሮው ክፓና ሉዊስ ጋር ወደ ጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና) ተጋዘ። ሁለቱ እዚያው ሞቱ። እሱ በ1905 ተመልሶ በ1908 በአገሩ አረፈ።

ለጥያቄሽ ዋናው ሰነድ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ቻምበርሌን ጉዳዩን የሚያጣራ ልዩ መርማሪ ላከ፤ ሰር ዴቪድ ቻልመርስን። ቻልመርስ ምዕራብ አፍሪካን የሚያውቅ አንጋፋ ዳኛ ነው። በሐምሌ 1898 ፍሪታውን ደርሶ ምስክር ሰማ፤ ባላባቱንም፣ ነጋዴውንም፣ ሚሲዮናዊውንም፣ ሹሙንም። በጥር 1899 ሪፖርቱን አቀረበ። መደምደሚያው ግልጽ ነው፦ ለአመፁ ዋናው መንስኤ የጎጆ ግብሩና የተሰበሰበበት መንገድ ነው። ግብሩ እንዲቀር፣ የባላባቶቹ ሥልጣን እንዲጠበቅ፣ የጠረፍ ፖሊሱም እንዲቀነስ መከረ። በዚህ ፖሊስ ላይ የቀረበው ክስ ከባድ ነበር። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ቀድሞ ከዚያው አገር ያመለጡ ባሮች ናቸው፤ አሁን ዩኒፎርም ለብሰው ሲመለሱ በቀድሞ ጌቶቻቸው ላይ ቂማቸውን ይወጡ ነበር።

ካርዲው ዝም አላለም። ረጅም መልስ ጻፈ። ግብሩ ሰበብ ነው፤ እውነተኛው ምክንያት ባላባቶቹ ባሪያ መሸጣቸውና የቆየ ሥልጣናቸው ስለቀረባቸው ነው አለ። ይህን መልስ ከ1896ቱ ማብራሪያው ጎን አስቀምጠሽ አንብቢው። ያኔ ግብሩ ቀላል እንደሆነና ሕዝቡ እንደሚለምደው ይጽፋል። አሁን ደግሞ ሕዝቡ ያመፀው በግብሩ አይደለም ይላል። ሁለቱም ቦታ ላይ ግብሩ ንጹሕ ነው። ሰውዬው ውሸታም ስለሆነ አይደለም። በራሱ ጽሑፍ ታስሯል፤ ግብሩ ጥፋተኛ ከሆነ የሁለት ዓመት ደብዳቤው ሁሉ ይፈርሳል።

ቻምበርሌንስ ማንን ተቀበለ? ገዢውን። ግብሩ ቀጠለ። የላከውን ዳኛ ሪፖርት አመስግኖ አስቀመጠው። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መፈላሰፍ አይጠይቅም። ግብሩ ቢቀር የባቡሩንና የፖሊሱን ወጪ ማን ይሸፍናል? ደግሞ ጠመንጃ ላነሣ ሰው ግብር ተነሣለት ቢባል፣ ሌሎቹ ቅኝ ግዛቶች ምን ይማራሉ? ሚኒስትሩ የመዘነው እነዚህን ነው። ከሁለቱ ሰነዶች የትኛው እውነት ነው የሚለው ሁለተኛ ጉዳይ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ለጽሑፍሽ ይጠቅማል። በዚያው በ1898፣ እዚያው ሚኒስትር ፊት፣ ከጎልድ ኮስት የመጣ ሌላ ሕግ ቀርቦ ነበር። የ1897ቱ የመሬት ረቂቅ ሕግ ነው። አገረ ገዢው ዊልያም ማክስዌል መንግሥት በመሬት ላይ ሥልጣን እንዲኖረው ፈልጎ ነበር። በኬፕ ኮስት የነበሩ ባላባቶች፣ ነጋዴዎችና ጠበቆች የአገሬው ሕዝብ መብት አስከባሪ ማኅበር አቋቋሙ። ጽፎ መላክ ብቻ አልበቃቸውም። ገንዘብ አዋጥተው፣ በሀብታሙ ነጋዴ በጄኮብ ዊልሰን ሴይ መሪነት ልዑካን ሎንዶን ላኩ። ቻምበርሌን ተቀበላቸው፤ ረቂቁም ቀረ። ማክስዌል በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም፤ በታኅሣሥ 1897 ሞቷል። ሕጉን ከልቡ የሚያብራራ ሰው ወንበሩ ላይ አልነበረም ማለት ነው። ይህ ምን ያህል እንደረዳቸው መከራከር ይቻላል። እኔ ግን ትልቁ ልዩነት ሌላ ቦታ ይመስለኛል። የኬፕ ኮስት ሰዎች የገዢውን ሽፋን ደብዳቤ ዘለው ራሳቸው አንባቢው ፊት ቀረቡ። ሕጉም ገና ረቂቅ ነበር፤ ማንም የሚያፍርበት ነገር የለም። የቴምኔ ባላባቶች ግን አቤቱታቸው ሎንዶን የደረሰው በከሳሻቸው ፖስታ ውስጥ ነው።

ይህ የእንግሊዞች ብቻ ጠባይ ነው ብለሽም አትጻፊ። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ኤርትራ ነው። ጣሊያኖች ከ1893 እስከ 1895 በገዢው በባራቲየሪ ድንጋጌዎች ሰፋፊ የደጋ መሬት የመንግሥት ነው ብለው ያዙ፤ የጣሊያን ገበሬ እንዲሰፍርበት ነው። የአካለ ጉዛዩ ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በታኅሣሥ 1894 ተነሡ፤ በዚያው ወር ሐላይ ላይ ወደቁ። እሳቸውም እንደ ባይ ቡሬ ቀድሞ ከጣሊያኖች ጎን የነበሩ ሰው ናቸው። ከአድዋ በኋላ የመጡት የመጀመሪያው ሲቪል ገዢ ፈርዲናንዶ ማርቲኒ ያንን የሰፈራ መንገድ ትተውታል። እዚህ ግን ሮምን ያሳመነው ጦርነቱ እንጂ አቤቱታ አልነበረም። ርዕስሽን እንዳያሰፋብሽ በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ብትነኪው ይበቃል።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ማብራሪያዎቹን የት ነው ያነበብሻቸው? በፓርላማው የታተመውን ቅጂ ከሆነ፣ እሱ ለሕዝብ ዓይን የተመረጠ ነው። ዋናዎቹ ደብዳቤዎች ሎንዶን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በሲ.ኦ. 267 (የቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤቱ የሴራሊዮን ደብዳቤዎች መዝገብ) ሥር ይገኛሉ። መሄድ ባትችዪ እንኳ አማካሪሽ የፎቶ ቅጂ ማስመጣት ይችል እንደሆነ ጠይቂው። ያገኘሽውን ደብዳቤ መጀመሪያ ዓይነቱን ለዪ። ተራ ቁጥር ብቻ ያለው ነው ወይስ «ምስጢራዊ» የሚል? ተራው ፓርላማ ፊት ሊታተም እንደሚችል ገዢው እያወቀ ይጽፈዋል። ምስጢራዊው ላይ ቋንቋው ይለወጣል፤ ስለ ባላባቶቹም ስለ ክሪዮዎቹም ከንፈሩን ሳይነክስ የሚናገረው እዚያ ነው።

ከደብዳቤው ይልቅ ደግሞ ጀርባውን አንብቢ። ደብዳቤው ሎንዶን ሲደርስ ከትንሹ ጸሐፊ ጀምሮ እስከ ሚኒስትሩ ድረስ እየተላለፈ ሁሉም አጭር አስተያየቱን ጽፎ ይፈርምበታል። አንዱ «ይህ ገንዘብ በእርግጥ ይሰበሰባል?» ይላል፣ ሌላው «ገዢው ቦታው ላይ ነው፣ እንመነው» ይላል። የታተመው ቅጂ ውስጥ እነዚህ አስተያየቶች የሉም። ሎንዶን ምን እንዳመነችና ምን እያወቀች እንዳለፈች የምታገኚው እዚያ ነው። ቀኑንም አትርሺ፤ የተጻፈበትና የደረሰበት ቀን ይለያያል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ውስጥ ኮሚሽነሩ ሰው አስሮ ሊሆን ይችላል።

የቻልመርስ ሪፖርትም ሁለት ክፍል ነው። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው የመጀመሪያውን ነው፤ መደምደሚያው ያለበትን። አንቺ ከሁለተኛው ጀምሪ። የምስክሮቹ ቃል በጥያቄና መልስ እንዳለ የታተመው እዚያ ውስጥ ነው። በአስተርጓሚ ያለፈ ነው፤ ጥያቄውም የእንግሊዝ ዳኛ ጥያቄ ነው፤ ይህን በጽሑፍሽ ማንሳት አለብሽ። ቢሆንም ባላባቶቹ ያለ ካርዲው ሽፋን የሚናገሩበት ቦታ ይኸው ነው። እሱን ጨርሰሽ ስታበቂ ወደ ገዢው ደብዳቤዎች ተመለሺና የመጀመሪያውን ምዕራፍሽን እንደገና ጻፊው። ረቂቁን ብትልኪልኝ አነበዋለሁ።